ሚልክያስ እየሠራበት ነው

ቢሯችን የሚመላለስ ሰው ሁሉ አስካለችን ያውቃታል፤ የሚያውቃት ግን በጩኸቷ ነበር። አሁን ያያት ሰው አያምነኝም እንጂ፣ ያኔ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ድምፅዋ ከመስኮቷ ተነስቶ በር ላይ ያለውን ጥበቃ ያስደነግጠው ነበር። «ሚልክያስ፣ ውጣ!» ትላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ደንበኛ ባልና ሚስት ተጣልተው እያባረረችው ይመስለውና ሊያስታርቅ ከአግዳሚው ይነሳል። እኛ እንስቃለን። እንዲወጣላት የምትፈልገው ከቢሮው ሳይሆን ከማሽኑ ነበር።

ይህ እንዲገባችሁ ስለ ማሽኑ ትንሽ ልናገር። የምንሠራው ወላይታ ሶዶ ባለ የአንድ ጤና መድን ድርጅት ቅርንጫፍ ውስጥ ነው፤ ስሙ ይቅር። እያንዳንዳችን ፊት ኮምፒውተር ተቀምጧል፤ ኮምፒውተር የምንለው ግን ለክብሩ ያህል ነው። ራሱን ችሎ የሚያውቀው አንድም ነገር የለም። ሁሉ ነገር ያለው አዲስ አበባ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ያረጀ ማሽን ላይ ነው። የእኛዎቹ ወደ እሱ ማያ ቀዳዳ ናቸው። ጥቁር ገጽ ላይ አረንጓዴ ፊደል፣ ያውም የእንግሊዝኛው ትልልቁ ብቻ። ስሙ የረዘመ ሰው መጨረሻው ይቆረጥበታል፤ ገብረመስቀል የተባለ ደንበኛችን እስከ ዛሬ ገብረመስ ሆኖ ነው የሚታከመው።

ትልቁ ማሽን ደግሞ ለየቅርንጫፉ የሚፈቅደው መግቢያ የተቆጠረ ነው። እኛ «ወንበር» እንለዋለን። የሠራተኛው ቁጥር ከወንበሩ ይበልጣል። አንዱ ሥራውን ጨርሶ በሥርዓት ካልወጣ ወንበሩ እንደተያዘ ይቀራል፤ ሌላው ደንበኛ ፊቱ አቁሞ «ሲስተም የለም» ይላል። ሲስተሙ አለ። የሌለው ወንበር ነው። ግን ይህን ከበዴሳ በሚኒባስ ተጨናንቆ ለመጣ ሰው እንዴት አድርገህ ታስረዳዋለህ? ሲስተም የለም ማለት ይቀላል።

ሚልክያስ መቼም የማይወጣ ሰው ነበር። አንድ ሽማግሌ ሊሸኝ እስከ በር ሄዶ እዚያው ወሬ ይጀምራል፤ ፋይሉ ተከፍቶ፣ ወንበሩ ተይዞ ይቀራል። ደንቡ ለዚህ ዓይነቱ ሰው መላ አለው። እያንዳንዱን ሠራተኛ ከሌላ ሠራተኛ ጋር ያጣምረውና «ጥንድ» ይለዋል። አንዱ ቢታመም ወይም ሥራውን ጥሎ ቢሄድ የጀመረውን መዝጋት የሚችለው ጥንዱ ብቻ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ እንኳ አይችልም። አስካለችንና ሚልክያስን መጀመሪያ ያጣመራቸው ይህ ደንብ ነው እንጂ ፍቅር አይደለም። ፍቅሩ የመጣው እሱ ሲከፍት እሷ ስትዘጋ፣ እሱ ሲረሳ እሷ ስትጮህ ነው።

ጩኸቱን ያመጣችው ከበዴሳ ነው። አባቷ እህል ነጋዴ ነበሩ፤ ልጅ ሆና በገበያ ቀን ከጆንያ ክምር ላይ ቆማ ከወዲያኛው ጫፍ ያሉትን ተሸካሚዎች ትጠራ ነበር። ሶዶ መጥታ ኮሌጅ ስትገባ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ተቀላቀለች። መሪው ድምፅዋን እንደሰማ የመጨረሻው ረድፍ ላይ አቆማት፤ እዚያም ሆና ድምፅ ማጉያው የሚይዘው የእሷን ነበር። ሚልክያስ የዲምቱ መምህር ልጅ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ለሁሉም «መጣሁ» የሚል። ሲጋቡ ሥራ አስኪያጃችን ሠርጉ ላይ ተነስቶ «እኛ አጣምረን ሰጠናችሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ገና ደረሰችበት» ብሎ አሳቀን።

ሚልክያስ በሥራው አንድ ድል አለው፤ እሱን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሶዶ ላይ መብራት በሄደ ቁጥር እስከ ግማሽ የሞላነው ሁሉ ይጠፋና ደንበኛውን ከስሙ ጀምረን እንደ አዲስ እንጠይቀው ነበር። ከዋናው መሥሪያ ቤት ባለሙያ ሲመጣ ሚልክያስ ይዞ ተከራከረው። «ማሽኑ የሚያውቀው መጀመርንና መጨረስን ነው፤ መሃል ላይ የቀረ ነገር ካገኘ ይጥለዋል» አለው ባለሙያው። «እንግዲያው አይጣለው፤ ሰውየው እስኪመለስ ይዞ ይጠብቀው» አለ ሚልክያስ። ወራት ሙሉ ሲነዘንዛቸው ከርሞ ለእኛ ቅርንጫፍ ፈቀዱለት። ከዚያ ወዲህ መብራት ቢሄድ የተጀመረው ፋይል በጀመረው ሰው ስም ተይዞ ይቆያል፤ የመጨረሻዋን ቁልፍ፣ «ማጽኛ» የምንላትን፣ እሱ እስኪጫን ድረስ። ሌላ ሰው ሊከፍተው ቢሞክር ማሽኑ የያዘውን ሰው ስም ጠርቶ «እየሠራበት ነው» ይለውና ይመልሰዋል። ፈቃዱ በመጣ ሳምንት ሚልክያስ ከቤቱ በብልቃጥ ዳጣ ይዞ መጣ። «እነሱ ዳታ አላቸው፤ እኛ ዳጣ አለን» አለ። ቀልዱ እንኳን ያን ያህል አልነበረም፤ በርበሬው ግን ምላሳችንን ላጠው።

ባለፈው ክረምት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሚልክያስ አቶ ደግፌ የሚባሉ የሻንቶ ገበሬ ፊቱ አስቀምጦ የቤተሰባቸውን መድን ሲያድስ መብራት ሄደ። ሁሉን ሞልቶ ጨርሷል፤ የቀረችው ማጽኛዋ ናት። «አባቴ፣ ሌላ ቀን ብቅ ይበሉ፤ አይጠፋም፣ በስሜ ተይዟል» ብሎ ሸኛቸው። ከዚያ ጄኔሬተሩን ላስነሳ ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ። አስካለች ከኋላው «ሳትወጣ?» አለችው።

«መጣሁ» አለ።

ጄኔሬተሩ ሥር ወድቆ አገኘነው። ልቡ ነው አሉ። ሆስፒታል ያደረስነው ለስሙ ነው።

አስካለች አላለቀሰችም። አስከሬኑ ዲምቱ ሲገባ፣ መዘምራኑ ሲዘምሩ፣ እናቱ መሬት ላይ ሲወድቁ፣ እሷ ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ቆማ ታያለች። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «እህታችን ጸንታለች፤ ጌታ ይመስገን» ተባባሉ። እኔ ንዴቴ የመጣው ያኔ ነው። ሰው የሚጸናውማ መጀመሪያ ሲያመው ነው። ይህች ልጅ ምንም አላመማትም፤ ደንዝዛለች።

ሥራ ስትመለስም ያው ነበረች። ብትጠሯት አቤት ትላለች። ብይ ካሏት ትበላለች፤ ምን በላሽ ቢሏት ግን አታውቀውም። አንድ ቀን ዝናቡ በመስኮት ገብቶ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ወረቀት ሁሉ ሲያርሰው ቁጭ ብላ አይታዋለች፤ መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ምሳ ሰዓት ደርሶ የሚጮህ ጠፋ። ሁላችንም ግን፣ ማንም ሳይነግረን፣ በሥርዓት መውጣት ጀመርን።

የሚልክያስ ወንበር ግን ፋይሉ በስሙ እስካለ ድረስ እንደተያዘ ነው። ዳፋው የደረሰው እኔ ላይ ነው፤ ከሁሉም በኋላ የተቀጠርኩት ሩታ ስለሆንኩ ወንበር ሲጎድል የምጎድለው እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ እስራኤል ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ፣ ጨዋ፣ ሰው የሚያስቀይም ቃል ከአፉ የማይወጣው ሰው ነው። አንድ ቀን ስልኩን አንስቶ ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለ። አስካለች ከፊቱ ተቀምጣለች። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሠራተኛችን ሚልክያስ ቶማ… አርፏል» አለ።

ከወዲያ የመለሱለትን የነገረን ቆይቶ ነው። «እረፍት ላይ ከሆነ እንመዘግባለን፤ ሲመለስ ራሱ ይውጣ፤ የሚያስቸኩል ከሆነ ጥንዱ ትደውልና ታስለቅቀው» ነው ያሉት። አቶ እስራኤል እሷ እየሰማች «የለም፣ እንዲህ ማለቴ ነው» ብሎ ማረም አቃተው። አመስግኖ ዘጋው። እንዲህ ነው ሚልክያስ አዲስ አበባ ላይ በእረፍት ላይ ያለ ሠራተኛ ተብሎ የቀረው። የሰው ኃይል ክፍሉ መሞቱን አያውቅም ወይ ትሉ ይሆናል። ያውቃል። ግን እነሱ ሦስተኛ ፎቅ ናቸው፣ ማሽኑ ምድር ቤት ነው፤ ሁለቱ የሚተዋወቁ አይመስለኝም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አቶ ደግፌ መጡ። የእርሻው ሥራ ይዟቸው ነው የቆዩት። ቀጥ ብለው ወደ አስካለች መስኮት ሄደው በወላይትኛ ሰላምታ ጀመሩ።

«ሳሮ፣ ልጄ። ያ የጀመረልኝ ልጅ የታለ? ባለቤቴ ዓይኑ ጠፍቷል። አንዱ ድሮ ጠፋ፣ አሁን ሁለተኛው ሊጠፋ ነው። ለቀዶ ጥገና ሐኪሞች ከጊፋታ በኋላ ይመጣል አሉ። መድኑ ያልታደሰ ሰው አንመዘግብም አሉኝ።»

የአቶ ደግፌ አማርኛ ሴትና ወንድ አይለይም። በወላይትኛ ቢያወሩን ይቀላቸው ነበር፤ ቢሮ ሲገቡ ግን አማርኛ ካልተናገሩ የሚስተናገዱ አይመስላቸውም። አስካለች ቁጥራቸውን አስገባች። ማሽኑ የሚለውን አለ። እሷ ደግሞ ወደ አማርኛ መልሳ፣ ዓይኗን ከገጹ ሳትነቅል አነበበችላቸው።

«ሚልክያስ እየሠራበት ነው።»

የሰውየው ፊት በራ። «እንዲያ ከሆነ ጥሩ። እጠብቀዋለሁ» ብለው ሄዱ።

ደግመው መጡ። ያንኑ አለቻቸው። ደግሞ መጡ። ጊፋታ፣ የወላይታ አዲስ ዓመት፣ ሊገባ ነው፤ ሐኪሞቹ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፣ ሴትዮዋ በጨለማ ትቀራለች። ይህን ሁሉ እያወቀች አስካለች ስልኩን አታነሳም። እንዲያውም አንድ ጠዋት ከኋላዋ ሳልፍ ያየሁት ነገር ደሜን አፈላው። ማንም ደንበኛ ሳይመጣ የአቶ ደግፌን ቁጥር አስገብታ ገጹን ታነባለች። በየጠዋቱ ነው የምታደርገው ለካ።

«አስካለች፣ ምን እየሠራሽ ነው?» አልኳት። «ጥንዱ አንቺ ነሽ። ደውለሽ አስለቅቂው። ሴትዮዋ እኮ ልትታወር ነው።»

«እየሠራበት ነው ይላል» አለች።

«ማሽን ነው እንዲህ የሚለው!»

«አውቃለሁ» አለች። «ሌላ እንዲህ የሚል ሰው የለማ።»

ልቆጣት አልቻልኩም፣ ልተወውም አልቻልኩም። በሚቀጥለው ጊዜ አቶ ደግፌ መጥተው ያንኑ መልስ ይዘው ሲወጡ ተከትያቸው ወጣሁ። ባጃጆቹ የሚቆሙበት ጋ ደረስኩባቸውና በወላይትኛ ነገርኳቸው። የጀመረልዎት ልጅ በዚያው ቀን ሞቷል፤ አስካለች ሚስቱ ናት፤ ፋይሉን መልቀቅ የምትችለው እሷ ብቻ ናት፤ እስቲ አጥብቀው ይጠይቋት አልኳቸው። አቶ ደግፌ አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ስለ ፋይሉ ምንም አላሉኝም።

«ለቅሶ ሳልደርስ!» አሉ። «ይህን ሁሉ ጊዜ እየመጣሁ፣ ለቅሶ ሳልደርስ!»

በነጋታው ባለቤታቸውን እማማ ዓመለወርቅን በእጃቸው እየመሩ መጡ። እሳቸው ካፖርት ለብሰዋል፤ እማማ ጥቁር ሻሽ አስረዋል። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ተራቸው ሲደርስ አልተነሱም። የሚቀጥለውም፣ ከዚያ የሚቀጥለውም ሰው አለፋቸው። አንዱ ደንበኛ አዝኖላቸው «እናቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አላቸው።

«እኛ ለሥራ አልመጣንም» አሉ አቶ ደግፌ። «ለለቅሶ ነው።»

እኔ ውለታ ጠይቁ ብዬ የላክኋቸው ሰዎች ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ወረፋ መሃል ተቀምጠዋል። ደንበኛው ሁሉ ባርኔጣውን አውልቆ፣ የሚያወራው ወሬውን አቋርጦ፣ መስኮት ፊት የቆመውም ተመልሶ ተቀመጠ። ማን እንደሞተ የሚያውቀው ጥቂቱ ነው፤ ለቅሶ ከተባለ ግን ሌላ የሚጠየቅ ነገር የለም።

ከዚያ እማማ ዓመለወርቅ ተነሱ። አቶ ደግፌ ወደ አስካለች መስኮት መሯቸው። መስታወቱን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ወረቀት የሚገባበትን ቀዳዳ አገኙትና እጃቸውን በዚያ አስገቡ። አስካለች እጁን አየችው። ከዚያ ያዘችው።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ» አሉ እማማ። «እኛ አላወቅንም። ልጁ ሞቶ፣ እኛ ሥራ እንጠይቀዋለን።»

ሞቶ አሉ። ከዚያ ቀን በፊት ቢሯችን ውስጥ ይህን ቃል ያወጣ ሰው አልነበረም። አርፏል፣ ተለይቶናል፣ ጌታ ጋ ሄዷል ስንል ነው የከረምነው። አስካለች የሴትዮዋን እጅ በግራ እጇ እንደያዘች በቀኟ ስልኩን አነሳች። የቢሯችን ስልክ አሮጌ ነው፤ ከወዲያ የሚናገረው ሰው ለሁላችንም ይሰማል።

«የሶዶ ቅርንጫፍ ነኝ። የጥንዴን ሥራ ላስለቅቅ ነው።»

«ማን ይውጣ?» አለ የወጣት ድምፅ። «ስሙን በግልጽ።»

«ሚልክያስ» አለች። «ሚልክያስ ቶማ ይውጣ።»

«እዚህ እረፍት ላይ ነው ይላል። እንግዲህ ከእረፍት ሲመለስ ራሱ ቢወጣ…»

«ሞቷል።»

አባባሏ ላይ ኀዘን የሚባል ነገር አልነበረም፤ የአድራሻ ለውጥ ያስመዘገበች ነው የምትመስለው። የወዲያ ማዶው ልጅ ወደ ደንቡ ሸሸ። አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን ወደዚያው ነበር የምሸሸው።

«እሺ… ከሻንቶ አንድ የጀመረው ሥራ አለ። ሁሉን ሞልቶታል። ይጽና ወይስ ይጣል?»

ይጣል ካለች ሚልክያስ በመጨረሻው ቀን የነካው ነገር ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል፤ እሷም የአቶ ደግፌን ፋይል በራሷ ስም እንደ አዲስ ትሞላዋለች። ይጽና ካለች እሱ ጨረሰው ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ማሽኑ እየሠራበት ነው አይልም።

«ይጽና» አለች።

የቁልፍ ድምፅ ተሰማ። «ጸንቷል» አለ ልጁ። ስልኩን ግን አልዘጋም። «እህቴ… እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለ።

በዚያው ቅጽበት እኔ ፊት ያለው ጥቁር ገጽ በራ። ወንበር ተገኘ። ክረምቱን ሙሉ ስነጫነጭበት የኖርኩት ነገር ነው፤ ሲመጣ ግን እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሳሁ። ጥግ ያለው ማተሚያ እየተንጫረረ የአቶ ደግፌን የእድሳት ወረቀት አወጣ። አቶ እስራኤል ራሱ ተነስቶ አምጥቶ አስካለች ፊት አስቀመጠላት።

«ምን ይላል?» አሉ እማማ ዓመለወርቅ። «እኔ አላይም። አንብቢልኝ።»

አስካለች አነበበች። «መድኑ ታድሷል። የሠራው፦ ሚልክያስ ቶማ። ጥንድ፦ አስካለች።» የአባቷ ስም ለወትሮውም አይገባም፤ ይቆረጣል።

«ድገሚልኝ፣ ልጄ።»

ደገመችላቸው። ሚልክያስ የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ቀጠነ። ወረቀቱን በቀዳዳው አሳልፋ ሰጠቻቸው፤ የያዘችውን እጅም ለቀቀች። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ሥራዋን ዘጋች፣ ስሟን አወጣች፣ ገጹ እስኪጠፋ ጠበቀች። በሥርዓት ወጣች።

ያለቀሰችው ከዚያ በኋላ ነው። ድምፅዋ ከመስኮቷ ተነስቶ በር ላይ ያለውን ጥበቃ አስደነገጠው።